የጎማው እቁብ

ገብረየስን የማያውቅ የአዋሳ ሰው እንኳ ቸርኬዎቹን ያውቃል። መኪናው ዕድሜዋ የገፋ ፊያት ሚሌቼንቶ ነበረች። በሯ በገመድ ይታሰራል፣ ወንበሯ ጥጡን ተፍቷል፣ ጥሩንባዋ ጉንፋን እንደያዘው ዳክዬ ነው የሚጮኸው። ከታች ግን አራት የአሉሚኒየም ቸርኬ! አብዮቱ ሲመጣ አገር ጥሎ ከሄደ ጣሊያን ነው የገዛቸው። በ1976 ዓ.ም. በከተማው እንዲህ ያለ ቸርኬ ያለው ሌላ መኪና አልነበረም። የእኛ የሦስታችንም መኪኖች ያው ሚሌቼንቶ ናቸው፤ የሚሄዱት ግን በዛገ ብረት ነው።

እኛ ማለት ሽበሺ፣ ኩማና እኔ ካሳሁን ነን። አራታችንም ከመሃል ከተማ ወደ ቱላና ወደ ቡሹሎ ሰው እያመላለስን የምንበላ ባለታክሲዎች ነበርን።

ያን ዓመት ግንቦት ላይ ገብረየስ ቸርኬዎቼ ደበዘዙ ብሎ ተነሳ። መኪናዋን አራት ድንጋይ ላይ አቆመና ቸርኬዎቹን ግቢው ውስጥ ጆንያ አንጥፎ ደረደራቸው። የተቧጨረውን ጠርዝ በሞረድ አስተካከለ። በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሻካራው ቀጥሎ በለስላሳው፣ ፈተገ። ከዚያ በአመድና በሎሚ አሸ። በመጨረሻ የልጁን ሹራብ ከገመድ ላይ አውርዶ ወለወለበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ! በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ባልቴት የጎመን ዘንቢላቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው መኪና ውስጥ ገቡ። ገብረየስ ቀና ብሎም አላያቸው። አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቁ በኋላ በመስኮት ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ሰው እስኪሞላ ነው?"

"አይ እማማ፣ ጎማ እስኪመጣ ነው።"

እውነቱን ነው። ያኔ ጎማ ገንዘብ ስላለህ አትገዛም፤ አመልክተህ፣ ጠብቀህ ነው። የአራታችንም ጎማ ሊሾ ሆኖ ክሩ ወጥቷል። የዓመቱን ምርመራ እስከ ሰኔ 30 ያላለፈ ታክሲ ደግሞ ፈቃዱ ይሰረዛል። ገብረየስ ስድስት ልጆች አሉት፣ ከመንዳት ሌላ ሙያ የለውም። እኛም ከእሱ አንሻልም። ስለዚህ ጎማ ለሚያከፋፍለው የመንግሥት ድልድል ኮሚቴ እያንዳንዳችን አራት አራት ጎማ ይፈቀድልን ብለን አመለከትን።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ጎማ መጣ ተባልንና ሮጠን ሄድን። የመጣው በጠቅላላው አራት ነው።

"አራት ባለመኪና፣ አራት ጎማ" አለ ሰብሳቢው ፊቱ በርቶ። "አድልዎ የሚባል ነገር የለም። ለእያንዳንዱ ጓድ አንድ አንድ።"

"ጌታዬ፣ መኪና በአንድ ጎማ አይሄድም" አለ ኩማ።

"ጌታዬ የሚባል ቀርቷል፤ ጓድ በል። የቀሩህን ሦስቱን በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ታገኛለህ።"

"ማጋኖ!" ብሎ ኩማ በሲዳምኛ ፈጣሪውን ጠራ። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመን፣ አንድ አንድ ጎማ ታቅፈን ወጣን።

ገብረየስ ቤት ተቀምጠን ስንተክዝ መላ ያመጡት ሚስቱ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች እቁብ ዳኛ ስለሆኑ ነገር ሁሉ በእቁብ ነው የሚታያቸው።

"እናንተ ሰዎች፣ እቁብ ጥላችሁ አታውቁም እንዴ?" አሉን። "አራት ሰው አንድ አንድ ከጣለ፣ ባለ ዕጣው አራቱን ይበላል። ሰኞ አንዱ አራቱን አዲስ ጎማ ገጥሞ ይመርመር። ማክሰኞ ሌላው። በቃ!"

ሽበሺ ወዲያው ኮፍያውን አውልቆ ለዕጣው ዘረጋ። ሰኞ ለሽበሺ፣ ማክሰኞ ለኩማ፣ ረቡዕ ለእኔ፣ ሐሙስ ለገብረየስ ወጣ።

"ቤቱ የእኔ፣ ሐሳቡ የሚስቴ፣ መጨረሻ የምሆነው እኔ?" ብሎ ገብረየስ ተንጨረጨረ።

"ዕጣ ነው። ዳኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"እሺ፣ ይሁን። ግን አዲስ ጎማ በዛገ ቸርኬ ላይ አይገጠምም፣ ነውር ነው! የእኔዎቹ ላይ ይገጠምና ከነቸርኬው እናዙረው።"

ለእኛም ተመቸን። ጎማ ከቸርኬ ማላቀቅ ወገብ ይቆርጣል፤ ቸርኬ ከመኪና መፍታት ግን የአራት ቡሎን ጉዳይ ነው። መዘዙን በገዛ እጃችን የጠራነው ያን ጊዜ መሆኑን ማን አወቀ?

መርማሪው ጓድ ፍቅሬ ይባላል፤ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ካኪ የለበሰ፣ ጨዋ፣ ጉቦ የማይበላ ወጣት ነው፤ የሚያስፈራው እንደዚህ ያለው ነው። ሰኞ የሽበሺን መኪና ሲመረምር ቸርኬው ጋ ሲደርስ ቁጢጥ አለ።

"ጓድ ሽበሺ፣ እንዲህ የሚያምር ቸርኬ አይቼ አላውቅም። የእርስዎ ነው?"

ሽበሺ ሆዬ ደረቱን ነፍቶ፣ "አዎ፣ በገዛ እጄ ነው ያደስኩት" አለ። አለፈ።

ይህን ሲነግረን ክው አልን። ማክሰኞ የኩማ ተራ ነው፤ ኩማ ደግሞ የወንጌል አማኝ ነው፣ ቢገድሉት አይዋሽም። "ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ" ብሎ ቁርጡን ነገረን። እንግዲያው እንዳይጠየቅ ማድረግ ነው ብዬ ከሐይቁ ዳር ጥቁር ጭቃ በባልዲ አመጣሁና ቸርኬዎቹን ለሰንናቸው። ገብረየስ ማየት አቅቶት ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። በሰኔ ወር ጭቃ ማንን ያስጠረጥራል? ኩማ አለፈ። ረቡዕ እኔም በዚያው ጭቃ አለፍኩ።

ሐሙስ ጠዋት ልንሸኘው ገብረየስ ቤት ስንደርስ መኪናዋ ደጅ ቆማለች። ቸርኬዎቹ ዓይን ይወጋሉ። ሰውየው ማልዶ ተነስቶ አጥቦ፣ አሽቶ፣ ወልውሏቸዋል!

"ምነው ገብሬ! ጭቃውስ?" አልኩት።

"የገዛ ቸርኬዬን አቆሽሼ መንግሥት ፊት አልቀርብም።"

"ይዘኸን ልትጠፋ ነው፣ አንተ ሰው!" ብዬ ጮህኩበት። ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ግን እንዲሁ ይዘናት ሄድን።

ጓድ ፍቅሬ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ። ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ዳሰሰ፣ ከዚያ ተቆጥቶ ቀና አለ።

"ጓድ ገብረየስ፣ እነዚህ ቸርኬዎች የእርስዎ አይደሉም። የጓድ ሽበሺ ናቸው፤ ሰኞ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ለምርመራ ብለው ነው የተዋሱት?"

ሦስታችን አጥሩ ጋ ቆመናል። ሽበሺ አመድ መስሏል። ገብረየስ አፉን ከፈተ። "የእኔ ናቸው!" ካለ ሽበሺ ውሸታም ይሆናል። ቀጥሎ ኩማ ይጠየቃል፤ ኩማ ከተጠየቀ ደግሞ አለቀልን። ሦስት ፈቃድ በአንድ ቃል ሊሄድ ነው። ዝም ካለ ግን የራሱ ይሄዳል። ገብረየስ ዞሮ አየን።

"አዎ ጓድ" አለ። "የሽበሺ ናቸው። ተውሼ ነው።"

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"እስከ ቅዳሜ በራስዎ ቸርኬና በደህና ጎማ ካልመጡ ፈቃድዎ ይሰረዛል። በሰው ዕቃ መኩራት አይገባም፣ በዚህ ዕድሜዎ!" አለው ፍቅሬ። ገብረየስ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ከዚያ በቀጥታ ጎሚስታው ዘንድ ሄድን። ኩማ ማንም ሳይለው መኪናውን ድንጋይ ላይ አቁሞ የራሱን አራት የዛገ ቸርኬ ይዞ መጣ። ጎሚስታው አዲሶቹን ጎማዎች ከአሉሚኒየሙ ላይ በብረት ሲያላቅቅ ያ ስንት የተለፋበት ጠርዝ ጭረት በጭረት ሆነ። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ገብረየስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሽበሺ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ዓርብ ገብረየስ በኩማ ዝገት ላይ ቀረበ። ጓድ ፍቅሬ ዞሮ አየ፣ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ፈገግ አለ።

"አዩ፣ ጓድ ገብረየስ! የራስ ነገር ቢዝግም የራስ ነው" ብሎ ማኅተሙን መታለት።

እትዬ ጥሩወርቅ ሁሉን ሲሰሙ ባላቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። "ጾም ባይሆን ዶሮ አርድልህ ነበር" አሉት። እሳቸውን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አራቱን ጎማ አንድ አንድ ተካፈልን። ቸርኬዎቹ ግን ወደ ባለቤታቸው መመለስ አልቻሉም። ጓድ ፍቅሬ በየቀኑ በብስክሌት ከተማውን ይዞራል፤ ገብረየስ መኪና ላይ ካያቸው ጉድ ፈላ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሽበሺ በገብረየስ ቸርኬ፣ ኩማ በሽበሺ ዝገት፣ ገብረየስ በኩማ ዝገት ሄዱ። መንገደኛው "ሽበሺ፣ ቸርኬህ እንዴት ያምራል!" ባለ ቁጥር ሽበሺ የሚገባበት ይጠፋዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብረየስ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ሽበሺ በር ላይ ቁጭ ይልና ጭረቱን ጥቂት ጥቂት ያለሰልሳል።

አንድ ቅዳሜ እኔም እዚያው ሳለሁ ጓድ ፍቅሬ ሲያልፍ አይቶት ብስክሌቱን አቆመ።

"ጓድ ገብረየስ፣ የሰው ቸርኬ ይወለውላሉ?"

"ተውሼ አስጫርኩበት" አለ ገብረየስ ቀና ሳይል። "የሰው ዕቃ እንደነበረ ነው የሚመለሰው።"

"ከእርስዎ ሰው ይማር!" አለና ፍቅሬ ፔዳሉን ረግጦ ሄደ። ሽበሺ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ቤት ገብቶ ጨርቅ ይዞ ወጣና ከገብረየስ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም የኋላውን ቸርኬ ያዝኩ።