የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

በሆስፒታሉ ላውንደሪ ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም፤ ሁሉም «እንፋሎት» ነው የሚሏት። ሲያናግሯት ፊቷ ይቀላል፣ አንገቷን ትደፋለች፣ በጥርሶቿ መሃል «እስስ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ማለት አፍራ ሁለት ፌርማታ አልፋ በእግሯ የምትመለስ ሴት ናት። ፊደልም ቢሆን ካደገች በኋላ ነው የጀመረችው፤ አንዱን ቃል ለቅማ እስክትጨርስ የፊተኛው ይጠፋባታል።

እንግዲህ በሰው ፊት ቆሜ ካላመሰገንኩ ብላ ወይ ፍንክች ያለችው ይህችው ሴት ናት።

ባለፈው ዓመት ትልቁ ካውያ ቀኝ እጇን ያዛት። ቁስሉ ሲድን ሁለት ጣቶቿ እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥ ብለው ቀሩ። ሐኪሙ «እነዚህስ ከእንግዲህ ነገር አይጨብጡም» አላት። አለቃዋም «ሁለት ወር እንይሽ፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አለ፤ ምን እንደሚነጋገሩ ለእሷ አልጠፋትም። ሁለት ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ከማድረቂያው አንሶላ ስትጎትት ጣቶቿ እጥፍ ብለው ጫፉን ያዙት። ጨርቁ ይፋጃል፤ አልለቀቀችውም። እንደቆመች «ጌታዬ፣ ይህንንስ በገዛ አፌ፣ በሰው ፊት ነው የማመሰግንህ» አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ቢሆንም ብላለች።

በጸሎት ቤታቸው እሑድ እሑድ፣ አንድ ነገር የተደረገለት ሰው ወደ ፊት ወጥቶ ከቅዱስ መጽሐፍ የምስጋና መዝሙር ያነባል። ተራ የሚያስይዙት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰፊ መዝገብ አላቸው፣ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ።

«ማንበብ ትችያለሽ እህቴ?» አሏት።

«ት… ትንሽ።»

«እዚያ ቦታ ትንሽ አይሆንም። ቃሉ ክብር አለው። ግድ የለም፣ እኔ አነብልሻለሁ፤ አንቺ አጠገቤ ትቆሚያለሽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጅ ነስታ ትመለስ ነበር። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ጫማዋን እያየች፣ «የተቃጠለው የእኔ እጅ ነው። ምስጋናዬን በሰው አፍ አልልክም።»

መምህሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። «እንግዲያው ሦስት ሳምንት ተለማመጂ። ካልሆነ እኔ አለሁ» አሉ።

አብራት አንሶላ የምታጥፈው ባልደረባዋ «ሬዲዮ» ትባላለች፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የጸሎት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ማንበቡን ግን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ነገሩን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ? ወራጅ ማለት ያቃተሽ ሴትዮ? ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ማይክራፎን ልትይዢ!» ከዚያ ሳቋን ቁርጥ አድርጋ «የትኛውን መዝሙር ነው?» አለች።

በትልልቅ ፊደል ገልብጣ ከማጠፊያው ጠረጴዛ በላይ ለጠፈችላት። ትልቅ አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ጫፍና ጫፍ ይዘው ይራራቃሉ፣ ወጥረው ያራግፋሉ፣ መልሰው ተገናኝተው ጫፉን ያጋጥማሉ። መዝሙሩም እንደዚያው ሆኖ የተሠራ ነው። ስንኞቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሁለተኛው ያንኑ በሌላ ቃል ይመልሳል። ሬዲዮ እየራቀች፣ ድሃውን ከአፈር ስለሚያነሳው አምላክ ትላለች፤ እንፋሎት እየቀረበች፣ ምስኪኑን ከቆሻሻ ክምር ስለሚያወጣው ትመልሳለች። በቀን መቶ ሃያ አንሶላ! በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱን ማየት ተዉ።

አንድ ቀን ግን እንፋሎት አንሶላውን እንደወጠረች ቀጥ ብላ ቆመች። መዝሙሩ፣ አምላክ ሰማይን እንኳ ለማየት ጎንበስ የሚለው ከላይ ሆኖ ነው ይላል። እንግዲህ ወደዚህ ምድር ቤት፣ የበሽተኛ አንሶላ ወደሚታጠብበት፣ ምን ያህል ቢጎነብስ ነው ሁለት ጣቶቼን ያየው? ፀጉሯ ቆመ። ፈራች፤ ፍርሃቱ ግን እንድትሸሽ የሚያደርግ አልነበረም።

«ምን ነካሽ፣ ሳቢው እንጂ!» አለች ሬዲዮ።

እሑዱ ደረሰ። ስሟ ሲጠራ ወጣች። ማንበቢያው ጋ ቆመች፤ አፏን ከፈተች፤ ምንም የለም። አፍራ አይደለም። መነሻው የላትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የምትጀምረው ሬዲዮ ነበረች፤ እንፋሎት የተማረችው መልሱን ብቻ ነው። ግማሽ መዝሙር ይዛ ነው የመጣችው። መጽሐፉን አየችው፤ ፊደሎቹ ከማድረቂያ እንደወጣ ካልሲ ተደባለቁባት።

መምህሩ ቀስ ብለው ተነሱ። «ይበቃል እህቴ። ሞክረሻል። እግዚአብሔር ልብ ያያል» ብለው መጽሐፉን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«አይሆንም!»

ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ እሷ ራሷ ደነገጠች። ግን ዓይኗ ወደ ኋላ ሮጠ፤ ሬዲዮ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ልትስቅባት መጥታ ይሆናል። እንፋሎት መጽሐፉን በሁለት እጇ አንስታ ንጹሕ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ የማንበቢያውን መሸፈኛ ጨርቅ ሳብ አድርጋ አወረደች፣ ጫፉን ዘረጋች።

«ያዥልኝ!»

«እኔ ለጸሎት አልመጣሁም!» አለች ሬዲዮ ከበሩ።

«ማን ጸልዪ አለሽ? ጫፉን ያዢ ነው ያልኩሽ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሬዲዮ እየተነጫነጨች በሰዉ መሃል መጣች።

«እህቶች!» አሉ መምህሩ፣ «መዝሙር ይነበባል እንጂ አይታጠፍም!»

«ጋሼ፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚነበበው» አለች እንፋሎት፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

ሬዲዮ ጀመረች፤ እንፋሎት መለሰች። ጨርቁ ትንሽ ስለሆነ በሦስት እጥፋት አለቀ፤ ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ምስኪኑን ከመኳንንት ጋር ስለሚያስቀምጠው ሲደርሱ እንፋሎት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ፊት ለፊት ያሉትን ባለትራስ ወንበሮች አንድ በአንድ አየቻቸው። መጨረሻው ላይ ሬዲዮ ድምፅዋ ተሰበረ። «ጨርቃችሁ አቧራ ብቻ ነው!» ብላ ዓይኗን ጠረገች፤ «እናንተ ጨርቅ አታጥቡም እንዴ?» የመጨረሻውን ስንኝ ግን ከነመልሱ ራሷ አለችው።

ሲያልቅ መምህሩ መዝገባቸውን ገለጡ። «እንግዲህ… ስምሽን ልመዝግብልሽ።»

«እኔው እጽፈዋለሁ።»

«ሰው እየጠበቀ ነው እህቴ።»

«ይጠብቅ።»

እስክሪብቶውን ሐኪሙ ነገር አይጨብጡም ባላቸው ጣቶች ያዘች። የመጀመሪያዋ ፊደል ሰፍታ ከመስመር ወጣች፤ ሁለተኛዋ ወደ ታች ወረደች።

«ያ የሚቀጥለው ሰው መስመር ነው» አሉ መምህሩ።

«ከበታች ይጻፍ» አለችና ወደ ሦስተኛው ፊደል አለፈች።