ጋሽ ንጉሤና እኛ ያስለመድነው ሳቅ

የ«ሎት ፉል» ባንድ ድምፃዊ ጋሽ ንጉሤ ባለፈው ወር በድንገት ዐርፈዋል። ዳውንታውን በሚሠሩበት ፓርኪንግ፣ ተረኛው ሊተካቸው ሲመጣ፣ ጠባቧ የቲኬት ክፍላቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አገኛቸው። አምቡላንስ ደርሶ ሆስፒታል ወስዷቸው ነበር፤ አልተረፉም። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። በቀብራቸው ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሞ እንደነበር ያያችሁ አይታችኋል። ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል፤ ከእንዲህ ያለ ሐዘን ይሰውራችሁ።

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ብቻ ቢሆን ኖሮ እጄ ባልከበደኝ ነበር። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አንድ ወሬ ከከተማችን መሐል ከሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ተነሥቶ እዚያ ማዶ ኤቨረት ከተማ ደርሷል፤ «እህቱ መርዶ ሲነግሯት ሳቀች» የሚል። ወሬው ሐሰት ቢሆን ማስተባበል ቀላል ነበር። ሐሰት አይደለም። የጋሽ ንጉሤ ታላቅ እህት እትዬ ጥሩነሽ፣ እናታቸው ስትሞት ወንድማቸውን እንደ ልጅ ያሳደጉት ሴት፣ በዚያ ጠዋት ስቀዋል። ለምን እንደሳቁ የምናውቀው መርዶውን ይዘን የሄድነው የባንዱ ሰዎች ነን፤ እስካሁን ግን አፋችንን ይዘን ተቀምጠናል። የዘገየሁት አፍሬ ነው። አሁንም የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ባንዱ እንዴት እንደተወለደ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት በሆነ የኬብል ቻናል ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም ነበረን። እኔና ጓደኛዬ በላቸው አጫጭር ቀልዶች እየጻፍን እንጫወት ነበር። ያን ጊዜ ከሦስት ሐበሻ ሁለቱ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ ነበር የሚመስለው፤ ስለዚህ አንድ ቅዳሜ፣ ቲኬት የጠፋበት ደንበኛ ሲለምን ፓርኪንግ ሠራተኞቹ በዘፈን የሚመልሱበት ቀልድ አዘጋጀን። የሚዘፍን ሰው አጣን። ጋሽ ንጉሤ ከእኔ ጋር አንድ ቦታ ይሠሩ ስለነበር «ይምጡና ያበላሹልን» ብዬ ለመንኳቸው። ቀልዱ እሳቸው ማበላሸታቸው ላይ ነበር።

እሳቸው ግን አላበላሹትም። ለካ አብሯቸው የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበር፤ በምሳ ሰዓት እሱ ብሉዙን ያንጎራጉራል፣ እሳቸው በአማርኛ ይቀበሉታል፣ እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት አልፈዋል። ብርቱካናማውን የሥራ ሰደርያ እንደለበሱ ዓይናቸውን ጨፍነው «አንተ ቲኬትህን ጣልክ፣ እኔስ ዕድሜዬን የት ጣልኩት» ብለው ሲጀምሩ ካሜራ የያዘው ጓደኛችን መሳቁን ተወ። እኔ ቤዝ ጊታር አነሣሁ፣ በላቸው ድራም ያዘ፣ ኦርጋንና ሳክስፎን የሚጫወቱ ሁለት ልጆች ተጨመሩ። ስሙን ፓርኪንጉ ሲሞላ በር ላይ ከምናቆመው፣ «ቦታው ሞልቷል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ወሰድነው። በቀልድ የተጀመረው ነገር ሠርግ ቤት ገባ፣ መድረክ ላይ ወጣ፣ በኋላም ፊልም ሆነ። ቼሪ መንገድ ላይ ያሉ ሱቆች ዲቪዲውን ከበርበሬና ከሽሮ ጎን ደርድረው ይሸጡት ነበር።

የጋሽ ንጉሤ ጥበብ ፊታቸው ነበር። በጣም የሚያስቀውን ነገር ሲናገሩ ፊታቸው ልቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ይጠቁራል። ልምምድ ላይ አንዳችን ከሳቅን ሙዚቃውን አስቁመው «አሳቂ ራሱ ከሳቀ፣ እንግዳ ጠርቶ ቀድሞ እንደበላ ባለቤት ነው» ይሉናል። እኛም ተምረን ፊታችንን ማጥቆር ቻልንበት። ሕዝቡም ተማረ፤ የ«ሎት ፉል» ሰዎች ፊታቸውን ሲያጠቁሩ ሳቅ እየመጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከመድረክ ሲወርዱ ሌላ ሰው ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶውን ፓርኪንግ አስፈቅደው አዲስ የመጣውን ሁሉ መኪና መንዳት ያስተምሩ ነበር። ዛሬ በዚህ ከተማ ታክሲ ከምትነዱት ውስጥ ስንቶቻችሁ ፓርክ ማድረግ የተማራችሁት ከእሳቸው እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። እኔ ፈተናውን ደጋግሜ ወድቄ፣ መሪውን እንደ ጠላት አንገት አንቄ ስይዝ፣ «ሀብቴ፣ ምን አስቸኮለህ? መኪናው ጥሎህ አይሄድ፤ ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው» ይሉኝ ነበር። ቢሮ የሚያጸዱ እህቶቻችን አውቶቡስ ሲጠብቁ ብርድ ላይ አብረዋቸው ይቆማሉ። ለምን እንደሚቆሙ ስጠይቃቸው «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ብለውኝ ወሬ ለወጡ። ደግነታቸውን እንኳ በግልጽ ማመን የሚያሳፍራቸው ሰው ነበሩ።

አሁን ወደ መርዶው ልግባ። የታወቅንበትን ቀልድ የማታስታውሱ ጥቂት ናችሁ። ገና ጎህ ሲቀድ ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ተሰልፈን የአንድ ሰው ቤት እናንኳኳለን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ተቀመጥ ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይደርስበት የለም» ብለው ይጀምራሉ። ሰውየው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መርዶው ይነገረዋል፤ ለካ መኪናው ያለቦታዋ ቆማ በጎታች መኪና፣ በቶው፣ ተወስዳለች። በላቸው ወድቆ ይንፈራገጣል። ከዚያ ከኋላችን ተደብቀው የቆዩት ጋሽ ንጉሤ ለመኪናዋ ሙሾ እያወረዱ ይወጣሉ፤ እኛም ብሉዙን እንመታለን። ቴሌቪዥኑ ላይ ሠራነው፤ ፊልሙ ውስጥ ደገምነው። ሰው ስለወደደው ካሜራ እየያዝን የእውነት ሰዎች ቤት መሄድ ጀመርን፤ የልደት ቀን ሲሆን፣ አዲስ መኪና ሲገዙ። እትዬ ጥሩነሽም ቤት ሄደናል። በመጀመሪያ ደንግጠው ደረታቸውን መቱ፤ ጋሽ ንጉሤ ከኋላችን ሲወጡ ግን በነጠላቸው እየገረፏቸው በሳቅ ፈረሱ። ይህም በፕሮግራሙ ላይ ታይቷል።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ጋሽ ንጉሤ «ይህቺን የመርዶ ነገር አበዛናት» አሉን። የተናገሩት በዚያው በጠቆረ ፊታቸው ነበርና ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ጥቂት አይተውን ቁልፋቸውን አንሥተው ወጡ።

ያረፉ ዕለት ሆስፒታሉ የደወለው ለእኔ ነው፤ ብቻቸውን ይኖሩ ስለነበር ተጠሪ አድርገው ያስመዘገቡት እኔን ነበር። እንደ ደንባችን ለእትዬ ጥሩነሽ ሳንናገር አሳደርን። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ ማልዶ ነው የሚነገር። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ይልማ፣ በላቸው፣ እኔና የባንዱ ሁለቱ ልጆች ሆነን እሳቸው ወደሚኖሩበት ማውንትሌክ ቴራስ ሄድን። መኪኖቻችንን ከቤቱ ራቅ አድርገን አቆምን፤ ነጠላችንን ዘቅዝቀን ተሰልፈን በሩን አንኳኳን። ከእኛ ውስጥ አንድ እንኳ «እንዲህ ሆነን መታየታችን ምን ይመስላል» ብሎ ያሰበ አልነበረም። አቶ ይልማ ራሳቸው ፊልሙ ውስጥ ሽማግሌውን ሆነው የተጫወቱ ሰው ናቸው።

እትዬ ጥሩነሽ አረጋውያን መጦሪያ ነው የሚሠሩት፤ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ደረስን። በሩን ከፍተው አንድ ጊዜ አዩንና ሳቃቸውን ለቀቁት። የማን መኪና እንደተወሰደ ጠየቁን። ዛሬ ሥራ እንደሚረፍድባቸው፣ ቶሎ ጨርሰን እንድንሄድላቸው ነገሩን። አቶ ይልማ ሌላ ቃል ስላልመጣላቸው «ተቀመጪ ልጄ» አሉ። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩነሽ ሆዳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደገፉ። በላቸው አልቻለም፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ወድቆ አለቀሰ። በቀልዱም የሚያደርገው ይህንኑ ነበርና «አንተ ልጅ፣ ዛሬስ በረታህ» አሉት። እኔን ገፋ አድርገው ከኋላችን ወደ ደረጃው እያዩ ተጣሩ፤

«ንጉሥዬ፣ በቃ ውጣ!»

እኔ ባንዱ ውስጥ ቃል የምጽፈው ሰው ነኝ። «ሞተዋል» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ብትወጣም አያምኑኝም ነበር፤ ቀልዱ ውስጥ ያልተናገርነው የሐዘን ቃል አልቀረም። ይህ ሁሉ ሲሆን የእድሩ ሴቶች ከኋላችን ደረጃውን እየወጡ ነበር፤ ሳቁን የሰሙት እነሱ ናቸው፤ ወሬው ከዚያ ወጣ። በመጨረሻ ኮሌጅ የምትማረው ልጃቸው ሊያ ከክፍሏ ወጣች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም። ወደ እያንዳንዳችን እጅ ተራ በተራ አየች።

«ማሚ፣ ስቶፕ» አለች። «ካሜራ የለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። በዚያ በር ላይ የወንድማቸውን መሞት የነገረቻቸው ልጃቸው ናት፤ እኛ አይደለንም። መርዶ የሚነገረው ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው እንጂ ለምን ይህ ሁሉ ሰው ይሰበሰባል? እኛ አምስት ሆነን ሄደን ብቻቸውን ጣልናቸው።

ልቅሶው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሆነ። የመጣው ሰው ሁሉ እኛን አቅፎ «እናንተ ናችሁ እኮ ቤተሰቡ» እያለ አጽናናን፤ እኛም ተቀበልን። እትዬ ጥሩነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ እግዜር ያጽናሽ ብሎ የሚያልፍ እንጂ አጠገባቸው የሚቀመጥ አልነበረም። ሹክሹክታው ይሰማቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልታዩም። አርባው ተቃርቧል፤ አልመጣም ብለዋል። ሰው ዓይን ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ የወንድሜን ነፍስ በቤቴ ሆኜ እለምንለታለሁ አሉ። በላቸው ከዚያች ጠዋት በኋላ ድራሙን ሸፍኖ ኤቨረት ወዳለ ፋብሪካ እየተመላለሰ ይሠራል፤ ስንደውልለት አያነሣም። እኔም ማውንትሌክ ቴራስ የሚወስደው መንገድ ላይ ስደርስ ቀጥ ብዬ አልፋለሁ። ይህ ድርጊታችን ከሳቁ የባሰ ነውር ነው።

እንግዲህ ለመላው ሰው የምለው ይህ ነው። እትዬ ጥሩነሽ በወንድማቸው ሞት አልሳቁም። እኛ ደንባችንን፣ ከእናት ከአባታችን የወረስነውን የሐዘን ልብስ፣ መሣቂያ አድርገን ዓመታት ለበስነው፤ በቀኑ ስንለብሰው ልብስ መሆኑ ቀረ። ለእሳቸው የተረፈውን ሐሜት ለባለቤቶቹ ለእኛ አድርጉልን።

ይህን ጽሑፍ ሳላወጣ በስልክ አነበብኩላቸው። ሳቁን ከጽሑፉ ልሰርዘው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አትሰርዘው፤ ሳቀች በል» አሉኝ። «ግን ከኋላችሁ እሱን እየፈለግሁ እንደነበር ጨምርበት። እናንተን አይቼ አይደለም የሳቅሁት። አሁን ይወጣል ብዬ ነው።»

ጋሽ ንጉሤ፣ መሰናበቻው ላይ ደረስን። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ያን የጠቆረ ፊት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ጥቂቱን ይጋሩን። አበዛናት ሲሉን ግን የሳቅነው እኛ ነን፤ ያንን ማንም አይጋራንም። ድምፅዎ ፊልሙ ላይ አለ፤ ያስተማሯቸው ልጆች በየመንገዱ አሉ፤ ስለ እነሱ አይስጉ። የሚያሰጋኝ ያሳደጉዎት እህትዎ በር መዝጋታቸው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባንዱ የተረፍነው፣ በላቸውንም ጎትቼ፣ ያለ ነጠላ፣ በሥራ ልብሳችን እንሄዳለን። የምናቀርበው ቃል የለንም። ከከፈቱልን አጠገባቸው እንቀመጣለን፤ ካልከፈቱልን ደረጃው ላይ እንቆያለን። እርስዎ በሰላም ይረፉ ጋሼ። እኛን ገና አይጠብቁን፤ እህትዎን ይዘን አርባዎ ላይ እስክንደርስ ድረስ ስምዎን በአፋችን ለመጥራት እናፍራለን።