የካሜራው ካፖርት

ሰፈርተኛው «መፍቻው» ይለዋል እንጂ ሥራው ልብስ ስፌት ነው። ስሙ የወጣለት ከእጁ አመል ነው። የቆመ ሰዓት፣ ያኮረፈ ካውያ፣ ድምፁ የዘጋ ሬዲዮ ካገኘ ሆድ ዕቃውን ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዳንዱ ይድናል፤ አንዳንዱ በካርቶን ታጭቆ ባለቤቱ እስኪረሳው ይጠብቃል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው አሮጌ ካሜራ ግን የሚስቱ ነበር፤ ነገሩ ቀልድ አያውቅም። ሲያበሩት ዓይኑን እስከ ግማሽ ብቅ ያደርግና ሲጥ ሲጥ ብሎ ድርግም ይላል። ፎቶ የሚገለበጥበት የኬብሉ መሰኪያም ከተሰበረ ቆይቷል። በካርዱ ላይ የነበሩት ፎቶዎች ተርፈዋል፤ አንዱ ብቻ፣ ካርዱ ሞልቶ ስለነበር በካሜራው በራሱ ሆድ የተቀመጠው፣ እዚያው ቀረ። የሟች እናቷ ፎቶ ነው። እኚያ ሴት ካሜራ ባዩ ቁጥር ወላቃ ጥርሳቸውን በመዳፋቸው ይከድኑ ነበር፤ በዚያ ፎቶ ብቻ እጃቸውን ረስተው ስቀዋል። ምን እንዳሳቃቸው ግን ባልም ሚስትም ዘንግተውታል።

ካሜራ ጠጋኙ ዘንድ ሄደው ነበር። «እትዬ፣ ክፈተው ካሉኝ እከፍተዋለሁ፤ ፎቶው ቢጠፋ ግን እንዳያዝኑብኝ» አላት።

«እኔ ብከፍተውስ?» አለ መፍቻው ዓይኑ በርቶ።

ጠጋኙ ሳቀ። «ይቻላል ጋሼ። ባትሪውን ቢያወጡትም ግን ብልጭታው አጠገብ ያለችው ትንሽ በርሜል ኤሌክትሪክ ታቁራለች። እሷን እንዳይነኳት።»

እና አሁን ሚስቱ ራሱ ላይ ቆማለች። «አንተ ሰው፣ እማዬን ካጠፋህብኝ ከዚህ ቤት አንዳችን እንወጣለን፤ እኔ ደግሞ አልወጣም!»

«አላጠፋቸውም። አንቺ ብቻ ጸልዪልኝ።»

«ለአንተ ነው ለካሜራው?»

«ለእጄ።»

ጥቁር ጨርቅ አነጠፈ። ኮት እንደሚቆርጥ ሁሉ የካሜራውን ቅርጽ በጠመኔ ነደፈበትና «በስምህ ጌታዬ» ብሎ ጀመረ። የፈታውን ብሎን ሁሉ በንድፉ ላይ ከወጣበት ቦታ አኖረው። ሽፋኑ ሲላቀቅ ትንፋሹን ያዘ። ከክር የቀጠኑ ሽቦዎች፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጡ የመዘውር ጥርሶች!

«ነይ እይማ! ይህን ያሰበ ሰው አእምሮ! ሰውየውንስ ያሰበው!»

«ስብከቱን ተውና እጅህን…» ሳትጨርሰው ነዘረው። እጁን ሲያስፈነጥር አንድ ብሎን ከጨርቁ ላይ ዘሎ ወለሉ ላይ ጠፋ።

«በርሜሏ ናት?»

«ናት» አለ ጣቱን እየላሰ። «ሰላምታዋ ጠንካራ ነው።»

የወደቀ መርፌ የሚለቅምበትን ማግኔት ወለሉ ላይ ሲጎትት ብሎኗ ተጣብቃ ወጣች። «ተመስገን» ብሎ ወደ ቦታዋ መለሳት። ከዚያ የዓይኑን ቱቦ በመነጽር ጠጋ ብሎ ሲመረምር ድንገት ወረንጦውን አነሳ።

«ምነው? ተሰበረ እንዴ?»

በወረንጦው ሳብ፣ ሳብ አደረገ። በጥርሶቹ መካከል ተጠምጥሞ ያነቃቸው ቀይ የሱፍ ብናኝ ነበር። ቀና አለ። ግድግዳው ላይ የካሜራው ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ካሜራው እንዳይጫር ብሎ እሱ ራሱ የሰፋው ነው፤ ገበሩም ለስላሳ ቀይ ሱፍ።

«ወንጀለኛው ተገኘ» አለ።

«ማን ነው?»

«ባልሽ።»

ብናኙን ከቦርሳው ገበር ጋር አስተያየችው። «አይ አንተ! አቅፈህ ነው ያነቅኸው!»

ብሎኖቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ አንድም አልተረፈም፤ ለመፍቻው ይህ ብርቅ ነው። ባትሪውን ራሷ ከተተችና ዓይኗን ጨፍና አበራችው። ቱቦው ያለ አንዳች ድምፅ እስከ ጫፍ ወጣ።

እናቷ ከነወላቃ ጥርሳቸው፣ ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ይስቃሉ። በፎቶው ጠርዝ የወንድ እጅ አዲስ ቦርሳ ከፍቶ ያሳያቸዋል፤ ገበሩ ቀይ ነው።

ሁለቱም እኩል አስታወሱ። «እኔን ብርድ እየፈጀኝ ለብረቱ ካፖርት ሰፋህለት?» ነበር ያሉት እናቷ።

«የሳቸውንስ ሰፋህላቸው?» አለች በእጅጌዋ ዓይኗን እየጠረገች።

«በሳምንቱ! ለብሰውት አልነበር?»

ፎቶውን ወደ ባዶ ካርድ ገለበጠችና ልታሳትመው ወጣች፤ ካሜራውን በሁለት እጇ እንደ እንቁላል ይዛ። እሱም ቦርሳውን ከምስማሩ አወረደና ቀዩን ገበር መተርተር ጀመረ።