የተቀመጠላት ቋሊማ

ቶርዲስ በሕይወቷ አንድም ቀን ከደቦ ቀርታ አታውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሴትዮዋን እንዳትጠሉብኝ ነው። በረዶው ቀልጦ ግቢው የጭቃና የሲጋራ ቁራጭ መከማቻ ሆኖ ብቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ የመኖሪያ ብሎኩ ሰው ሁሉ ጓንቱን አጥልቆ ይወጣል። የሚጠርገው ይጠርጋል፣ የሚቀባው ይቀባል፣ በመጨረሻም ምድር ቤት የሚኖረው አርንፊን ከሰል አቀጣጥሎ ቋሊማ ይጠብሳል። መግቢያው በር አጠገብ ያለችው የአበባ መደብ የቶርዲስ ናት፤ ማንም አይነካባትም። ከደቦ የሚያስቀር ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ መታመም። ሠርግ አለብኝ፣ እንግዳ መጣብኝ የሚል ሰው ፊት ለፊት ምንም አይባልም፤ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ሰላምታው ቀዝቀዝ ይልበታል። እንዲሁ የቀረ ደግሞ የቆሻሻ ገንዳዎቹን ክፍል ብቻውን ያጥባል። ይህን ማንም የትም አልጻፈውም፤ ግን ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ ይከበራል።

የተወለደችው እዚያው ኦስሎ፣ ዛሬም በምትኖርበት፣ የሠራተኛው ሰፈር በሆነው በምሥራቁ ሸለቆ ውስጥ ነው። እናቷ ትምህርት ቤት ስታጸዳ ኖረች፣ አባቷ የከተማ ባቡር ነጂ ነበር። እሷ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆነች። ክሊኒኩ ታዲያ በምዕራብ በኩል፣ በሀብታሞቹ ሰፈር ነው። አፉን ከፍቶ የተጋደመ ሰው ምን ይጠይቃል ትሉ ይሆናል፤ ኧረ ይጠይቃል! ማደንዘዣው እስኪይዘው ሌላ ምን ሥራ አለው? «ለመሆኑ የት ነው የምትኖሪው?» ይላል። ገና ወጣት ሳለች አንድ ጊዜ እውነቱን ተናገረች። ወንበሩ ላይ የነበረችው ሴትዮ «ውይ የኔ እናት፣ ማታ ማታ መውጣት አትፈሪም?» አለቻት። በደግነት ነው ያለቻት፤ ቶርዲስን ያንገበገባትም ደግነቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠይቃት «ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ» ትላለች። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ባሏ አስላክ አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ እንጂ አፉ የማይሠራ ሰው። አክስቱ ሞታ የተወችለት ጫካ ሲሸጥ አስበውት የማያውቁት ገንዘብ እጃቸው ገባ። ያኔ ነው በምዕራብ በኩል፣ ሀብታሞቹ ሰፈር ቤሩም ያለውን ቤት ሊያዩ የሄዱት። ነጭ የእንጨት ቤት፣ ከሳሎኑ መስኮት ባሕሩ የሚታይ፣ ከጓሮው ሁለት የፖም ዛፍ። ዋጋው እሳት ነው፤ ቢሆንም ያላቸውን ሁሉ ቢያራግፉ ይደርሱበታል። አስላክ ከፖም ዛፉ ሥር ቆሞ ግንዱን በመዳፉ ሲዳብስ ቶርዲስ አየችው፤ ይህን ፊት በትዳራቸው ዘመን አይታው አታውቅም። ደላላው ሐሳባቸውን እስከ ሌላው ሰኞ እንዲያሳውቁት ነገራቸው። ሊወጡ ሲሉ የጎረቤቱ ቤት እመቤት ቪቤኬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና «ቅዳሜ የመንገዳችን ደቦ ነው፤ ብቅ በሉና እንተዋወቅ እንጂ!» አለቻቸው።

ቅዳሜ! የብሎኩም ደቦ የዚያኑ ቀን ነበር።

ቶርዲስ ሳምንቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው አብሮ ሲሠራ ነው፤ ባይሄዱ እኮ ምን ይሏቸዋል? ዓርብ ከሰዓት ስልኩን አንሥታ ፊት ለፊቷ ባለው በር ወደምትኖረው ወደ ጉድሩን ደወለች፤ በር ማንኳኳት ፊት ማሳየት ነውና። ከዚያም፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘች።

«ጉድሩን፣ እኔ ነኝ። ነገ የምወጣ አይመስለኝም። ጉንፋን ጣለኝ።»

«ኧረ ድምፅሽ! ከጉድጓድ የሚወጣ ነው የሚመስለው። በቃ ተኚ፤ የአበባሽን ነገር እኛ እናያለን።»

ጉድሩን ሰባን ያለፈች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እዚህ አገር እሷንም አንቺ ነው የሚሏት። የቶርዲስ እናት ስትሞት ሦስት ቀን ከአጠገቧ ያልተለየችው እሷ ነበረች። ቶርዲስ ስልኩን ዘግታ አፍንጫዋን ለቀቀች።

«እኔስ ምን ሆኜ ነው የምቀረው?» አለ አስላክ።

«አንተ እኔን ታስታምማለህ።»

ማለዳ፣ ሰው ሳይነሣ፣ ቦት ጫማቸውን በከረጢት ይዘው እንደ ሌባ በጓሮው በር ወጡ።

እውነት እንነጋገር ከተባለ የቤሩም ሰዎች ጥሩ አድርገው ተቀበሏቸው። ቪቤኬ አዲስ ጓንት ሰጠቻቸው፣ አንዱ ቡና ቀዳላቸው። ቀኑ ብራ ነበር፤ ከባሕሩ ላይ የሚመለሰው ፀሐይ ፊት ይጠብሳል። ቶርዲስ የፀሐይ መነጽሯን አድርጋ፣ ባርኔጣ ሳትደፋ፣ ያለፈውን ዓመት የበሰበሰ ቅጠል እየሰበሰበች ትከምር ጀመር። ሥራ መቼ ጠፍቷት! እነሱ ወሬ ሲያወሩ እሷ የመንገዱን ዳር ጥርግርግ አደረገችው።

«እንዳንቺ ያለ ጎረቤት ነው የጠፋብን!» አለች ቪቤኬ። ቶርዲስ ደስታዋን የት ታድርገው? ትከሻዋ ሁሉ ሰፋ።

«ለመሆኑ አሁን የት ነው የምትኖሩት?»

«ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ።»

«ብቻ ከሸለቆው እንዳትሆኑ!» አለች ቪቤኬ እየሳቀች። «የባሌ ወንድም እዚያ አንድ ዓመት ኖሮ ነበር። ደቦ ሲሉ ማንም አይቀርም አሉ። ለጽዳቱ እንዳይመስላችሁ፣ ለነጻው ቋሊማ ነው! እንዲያውም አንዷ አሮጊት ለማታ ብላ በኪሷ ሸሽጋ ስትሄድ አይቻለሁ ይላል።»

ሰዎቹ ሳቁ። ቶርዲስ ግን ከሁሉም ቀድማ ነው የሳቀችው። ማንም አላስገደዳትም። ጎንበስ ብላ ቅጠሏን ብትሰበስብ ማን ምን ይላት ነበር? እሷ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። አልበቃትም።

«በፎይል ጠቅልላ ነዋ!» አለች። «በፎይል ካልጠቀለለችውማ ኪሷ ቅባት በቅባት ይሆናል።»

ሳቁ እጥፍ ሆነ። ቪቤኬ እንባዋን በጓንቷ ጠረገች፤ «አንቺስ ጉደኛ ነሽ!» አለቻት። አስላክ ብቻ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። በፎይል የምትጠቀልለው ጉድሩን መሆኗን እሱም ያውቃል። የምትጠቀልለውም ለራሷ አይደለም፤ በሽተኛ ሆኖ ላልወጣ ሰው ነው።

ሲመለሱ ግቢው ጭር ብሎ ነበር፤ የከሰሉ ሽታ ግን ገና አልጠፋም። የአበባ መደቧ አፈሩ ተገልብጦ፣ ጠርዙ በድንጋይ ተስተካክሎ አገኘችው። ደረጃውን ወጥተው ከበራቸው ሲደርሱ እጀታው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ከፈተችው። ትኩስ የቤሪ ጭማቂ የያዘ ፔርሙዝ አለ። ከሥሩ ደግሞ በድንች ቂጣ የተጠቀለለ ቋሊማ፣ በፎይል።

የት አባቷ ትግባ! ከረጢቱን ይዛ ደርቃ ቀረች። ይሄኔ ከኋላዋ የጉድሩን በር ተከፈተ።

«ምን ልታደርጊ ከአልጋ ወረድሽ አንቺ ልጅ?» ቶርዲስ ዞር አለች። ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሎ ቲማቲም መስሏል። ጉድሩን ሸካራ መዳፏን ጉንጯ ላይ አሳረፈች። «በስመ አብ! እሳት ሆነሻል እኮ! አስላክ፣ አንተ ደግሞ በዚህ ትኩሳት ይዘሃት የምትዞረው ምን ነክቶህ ነው?»

«ትንሽ… አየር እንድታገኝ ብዬ ነው» አለ አስላክ።

«አየር! አስገባት ይልቅ። የአበባሽን መደብ አርንፊን ሠርቶልሻል፤ ያን የሚያመውን ወገቡን ይዞ ተንበርክኮ። እረፍ ብለው ሰው አይሰማም፤ ታምማለች ደግሞ በዚህ ትብሰልሰል ወይ ይለኛል። በይ ግቢ፣ ትኩሱን ጠጪ።»

ቶርዲስ ገብታ በሩን ዘጋችና እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ፎይሉን ፈታች። ቋሊማው ቀዝቅዞ ነበር። ልትጥለው አልቻለችም፤ መጣሉ የባሰ ነው። ቆማ በላችው። እንባዋ እየወረደ ጨረሰችው።

እሑድ ሙሉ ቀን ፊቷ ይለበልባት ነበር። ከሰዓት በኋላ አስላክ የቤቱን ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ነገ ለደላላው ምን ልበለው?» አላት።

«አይሆንም በለው።»

ቀና ብሎ አያት። ይህ ዝምተኛ ሰው ያን ቀን ተቆጣ።

«ለምን? ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ እንውጣ ስትዪ የኖርሽው አንቺ ነሽ እኮ! አሁን ለአንዲት ቋሊማ ብለሽ ነው የፖም ዛፉን የምታስጥዪኝ? ለቋሊማ?»

«ለቋሊማው አይደለም።»

«ታዲያ ለምን? ሴትዮዋ አንድ ቀልድ ቀለደች። ሰው ይቀልዳል!»

«እሷማ ትቀልድ። እሷ ጉድሩንን አታውቃትም። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ ሳቅሁ፤ ጭራሽ ጨመርሁበት።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አፈርሁ አስላክ። በራሴ አፈርሁ። እዚያ ብንገባ እኮ በየቀኑ ነው የምስቀው። ራሴን አውቀዋለሁ፣ እምቢ ማለት አልችልም። አንድ ቀን ጉድሩን ልትጠይቀኝ ብትመጣ ከአጥሩ በር ላይ ምን ብዬ ነው የማስተዋውቃት?»

አስላክ ሥዕሉን ቀስ ብሎ አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሰኞ ጠዋት ለደላላው የደወለው ራሱ ነው። ስልኩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ በረንዳው ላይ ቆመ። ቶርዲስ ጀርባውን እያየች አጠገቡ ለመሄድ ድፍረት አጣች።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ባልዲና ብሩሽ ይዛ ወደ ቆሻሻ ገንዳዎቹ ክፍል ወረደች። ገንዳዎቹን ወደ ውጭ አውጥታ፣ ተንበርክካ ወለሉን ትፈትግ ጀመር። ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቆሻሻ፣ ሽታው አይጣል ነው። ብዙም ሳትቆይ የአርንፊን መስኮት ተከፈተ።

«አብደሻል እንዴ? ገና ሳይሻልሽ? ተይው፣ አንቺን አይመለከትም!»

ቶርዲስ ተነሥታ ቆመች። ጉድሩንም ቆሻሻዋን ልትጥል ከደረጃው እየወረደች ነበር። በሏ አሁን! ብሩሿን ባልዲው ውስጥ ጣለች።

«አላመመኝም ነበር» አለች። «ዋሽቻችኋለሁ። ቤት ልንገዛ ብለን ቤሩም ሄደን ነበር። እነሱም ደቦ ነበራቸው፤ ቅጠላቸውን ስጠርግ ዋልሁ።»

አርንፊን አንገቱን ከመስኮቱ አወጣ። «የኛን ትተሽ የነሱን ጠረግሽ?» አላት።

«አዎ።»

«ደኅና አድርገሽ?»

«ደኅና አድርጌ።»

መስኮቱን ዘጋው። አለቀ፣ ከእንግዲህ ዐይኔን አያይም ብላ ወደ ብሩሿ ተመለሰች። እሱ ግን በአንድ እጁ ወገቡን ደግፎ፣ በሌላው የውሃ ጎማ እየጎተተ መጣ።

«ያለ ውሃ ቆሻሻውን ቦታ ነው የምታቀያይሪለት» አለና ቧንቧውን ከፈተላት። «ሀብታሞቹ አላስተማሩሽም?»

ጉድሩን ሳቀች። «ስትገቢ ገና ነው ያወቅሁት» አለች። «ትኩሳት የመነጽር ቅርጽ ትቶ አያውቅም። ዐይንሽ ዙሪያው ነጭ፣ ሌላው ቀይ! ግን ባልሽ ሲርበተበት አሳዘናችሁኝ፤ ጭማቂውም ፈልቷል። ታዲያ መቼ ነው የምትለቁት?»

«አንለቅም። ትተነዋል።»

«እሰይ!» አለች ጉድሩን ከልቧ፤ ወዲያው ግን ሐሳብ ገባት። «ሰዎቹ ከፉባችሁ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ። ደጎች ናቸው።»

«ስለኛስ? ስለ ሸለቆው ሰው የሚሉት ነገር አለ?»

ይህ ነበር ጊዜው። ቶርዲስ አፏን ከፈተች። ጉድሩን ቆሻሻዋን በአንድ እጇ፣ ሌላውን በኪሷ ከትታ በደግ ፊቷ ትጠብቃታለች።

«ምንም» አለች ቶርዲስ። «ምንም አላሉም።»

«አየህ?» አለች ጉድሩን ወደ አርንፊን ዞራ። «ዝም ብለን ነው የምናማቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው።» ከዚያ የቶርዲስን የተላጠ ጉንጭ መታ መታ አድርጋ ደረጃውን ወጣች።

ቶርዲስ ጎንበስ ብላ ወለሉን መፈተግ ቀጠለች። አርንፊን ጎማውን ይዞ ትንሽ አያትና «በቃ እኮ፣ ጸድቷል» አላት። አላቆመችም።