ዓሣዋን የለቀቃት ፈረንጅ

በደርግ ጊዜ ቆቦ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከክፍል አስወጥቶ እየጎተተ ጎሊና ወንዝ ወሰደኝ። ለእርሻ አማካሪነት የመጣ አንድ ፈረንጅ ውሃው መሀል ቆሞ በረጅም ዘንግ ክር ሲያወናጭፍ ቢያየው፣ ዘንጉን የሬዲዮ አንቴና ነው ብሎ ጠርጥሮታል።

ሰው ወንዙ ዳር ተሰብስቧል። ፈረንጁ ለዓሣዋ ትል እንኳ አይሰጣትም፤ የዶሮ ላባ ዝንብ አስመስሎ ነው የሚወረውርላት። እኛም በመፈክር እየተያዝን ስለነበር በላባ ብትያዝም አልታዘብኳትም። ዓይናችን እያየ አንዲት ወፍራም ዓሣ አወጣ። ሆዷን ዳሰሰና መልሶ ለቀቃት።

ሊቀመንበሩ ደሙ ፈላ። "ጠይቀው! በማን ትዕዛዝ ነው የለቀቃት?"

ጠየቅኩት። "እንቁላል ልትጥል ወደ ላይ እየወጣች ነው፤ ምንም አላጠፋችም" አለ።

"ካላጠፋች ለምን ያዛት?"

ይህንንም ተረጎምኩለት። ፈረንጁ ሳቀ። "ላያት ብዬ ነው የያዝኳት። አየኋት፣ ለቀቅኳት።"

"አጣሪ ኮሚቴ ሳይሰበሰብ?" ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ። "እኛ ዘንድ የተያዘ እንዲህ በዋዛ አይለቀቅም!"

እሱንማ ማን አጣው! ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ልጁ ለምን እንደታሰረ ሳይነገረው ቀበሌ ስንቅ ሲያመላልስ የከረመው አያ ይማም ብቻ ወደ እኔ ወጣ አለ።

"አስተማሪ፣ በአላህ ለዚህ ሰውዬ ንገርልኝ። ልጄን ከቀበሌው ይረከብና እሱ ይሰርልኝ።"