በፈይዛ ስም የተሠራ ስድስት ዓመት

ዘሊካ አሕመዲን ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። ታናሿ ፈይዛ ግን ስምንተኛን አልፋ፣ ሰርተፍኬቷን ሣጥን ውስጥ ትታ ጅዳ ሄደች። በ1989 ኩታበር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ስምንተኛ የጨረሰች የጽዳት ሠራተኛ ሲፈልግ፣ ዘሊካ የእህቷን ሰርተፍኬት ይዛ ቀረበች። ቅጹ ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍ የራሷ፣ ስሙ የፈይዛ ነበር። ተቀጠረች፤ ጡረታም ይቆረጥላት ጀመር።

በስድስተኛው ዓመት ፈይዛ ጅዳ ላይ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። ዘሊካ ከሐዘን ተነሥታ ሥራ በገባችበት ቀን አለቃዋ ከኮሪደሩ ጫፍ “ፈይዛ!” ብሎ ተጣራ። “አቤት” አለች። ቀኑን ሙሉ አቤት ስትል ዋለች። ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ለቀቀች።

ባሏ ሃሩን መካነ ሰላም እህል ይነግድ ስለነበር ወደዚያው ሄደች። በማታ ትምህርት ስምንተኛን በራሷ ስም ጨርሳ፣ በ1997 ሌላ መሥሪያ ቤት በዚያው ሥራ ተቀጠረች።

ሰባት ዓመት እንደሠራች ዓይኗ ታመመ። ደሴ ያዩዋት ሐኪሞች ከእንግዲህ መሥራት አትችልም ብለው ጻፉ። የጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ የአሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል።

የሠራተኛ አስተዳደሩ አቶ አሻግሬ ከኩታበር ያመጣችውን የአገልግሎት ማስረጃ አነበበ።

“እትዬ ዘሊካ፣ ይኼ እኮ የፈይዛ ነው።”

“እኔ ነኝ።”

አሻግሬ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። “ይህን አልሰማሁም። ብጽፈው ክስ አለው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ፍርድ ቤት ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው ካለ ግን ዓመቱ ይያዝልዎታል። ሦስት ምስክር ያቁሙ። አንዱ ከቤተሰብ ቢሆን ይሻላል።”

ኩታበር ተመለሰች። ሁለት የድሮ ባልደረቦቿ ወዲያው እሺ አሉ፤ እነሱ የሚያውቋት ፈይዛ ብለው ነው። ሦስተኛው አባቷ ነበሩ።

“ምን ብዬ ነው የምምለው?” አሉ ሽማግሌው።

“ፈይዛ የምትባለው ራሷ ዘሊካ ናት፣ ሁለት ስም ነው ያላት ይበሉ፣ አባባ።”

“መቃብሯን እንኳ አላየሁም። የቀረኝ ወልጃት ነበር ማለት ብቻ ነው።”

“ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ምን በልቼ ልደር?”

“ቁም ካልሽኝ እቆማለሁ። አንቺም ልጄ ነሽ።”

በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው አብረዋት ወጡ። ፍርድ ቤቱ በር ሲደርሱ ክንዷን ያዙ።

“ዳኛው ስንት ልጅ ወለድህ ቢለኝ፣ ስንት ልበል?”

ምስክሮቹ ከውስጥ ሲጠብቁ፣ ዘሊካ አባቷን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች።

ለሰባቱ ዓመት አንዴ የሚከፈል ዳረጎት ተሰጣት፤ ዓመትም አላቆያት። በክረምቱ ዓይኗ ጨርሶ ጠፋ። የሃሩን ንግድ ተዳክሞ፣ አሁን የሰው እህል በጋሪ ያመላልሳል። ደክሞት ሲገባ፣ “አንዲት ቃል እኮ ነበረች” ይላታል። አንዳንድ ቀን እሷም እንደሱ ታስባለች።