ሳይሰጡኝ የተቀበልኩት ጽዋ

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሩዝና ከብት ሊሸጥ ወረታ ሲገባ፣ እኔ ትርኪ ምርኪ ልለቅም እወጣለሁ። ትርኪ ምርኪ የምትለው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ቅርስ ነው የምለው። የተሰነጠቀ ገበታ፣ ጆሮው የወለቀ ማሰሮ፣ እጀታ የሌለው ጎራዴ እያመጣሁ ሳሎናችንን ሞላሁት። እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ከዕቃው በተረፈው ቦታ ነበር፤ ኋላ እንግዳውም ቀረ። እኔ ግን ለዕቃ ዓይን አለኝ እያልኩ በየሄድኩበት እጎርራለሁ። የመኳንንት ነው ብዬ በክብር ያስቀመጥኩት ብርኩማ ሥሩ ላይ የባሕር ዳር አናጢ ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ከተገኘ በኋላ እንኳ አላፈርኩም።

የማዘወትረው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የአንድ ሙስሊም ወዳጄ ነው። ልማድ አለን፤ እሱ ለዙህር ሶላት ሲሄድ እኔ ሱቁን አገላብጬ የወደድኩትን ይዤ እሄዳለሁ፣ በኋላ እንነጋገራለን። አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ስፈትሽ ከበሩ ኋላ፣ ዘንቢል ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ዋንጫ አገኘሁ። ከእርጅና ብዛት ጠቁሯል፤ የተሰነጠቀ ከንፈሩ በመዳብ ሽቦ ተሰፍቷል። ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ጨርቁን በሥርዓት አጥፌ እዚያው ተውኩለት፤ ጨዋ ነኝ አይደል!

የዘነጋሁት ነገር ቢኖር የባላገር ገበያተኛ ጉዳዩን እስኪጨርስ ዕቃውን አደራ የሚያስቀምጠው እዚያው ሱቅ መሆኑን ነው።

በማግስቱ ወዳጄ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት አስከትሎ መጣ። ከቁሐር ሚካኤል ናቸው፤ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ። ዋንጫው የማኅበሩ ጽዋ ነበር። በየወሩ የደገሰው ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክበዋል፤ ጽዋውን የተቀበለ ደግሞ በወሩ ይደግሳል። ሽማግሌው ባለፈው ድግስ ላይ ላልተገኘች፣ ከተማ ዳር ለምትኖር ተረኛ ሊያደርሱላት ይዘውት ወጥተው ነው እኔ የቀደምኳቸው።

ይቅርታ እየጠየቅኩ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ጽዋ ከተቀበሉት ወዲያ አይመለስም» አሉኝ። «ወሩ ያንተ ነው።»

ማኅበርተኛ አለመሆኔን፣ ወሰድኩ እንጂ አለመቀበሌን አስረዳሁ። እሱን ለሚካኤል ንገረው አሉኝ። ተረኛዋም ጎርፍ ሩዟን አበላሽቶባት ስለነበር፣ ወሩ ቢገፋላት ደስታዋ እንደሆነ ነገሩኝ። ወዳጄ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ባለቤቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ጌሾ መውቀጥ ጀመረች፤ ለጠላው ጋን ቦታ ሲጠፋ ቅርሴን እየለቀመች ጓሮ ጣለችው። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትና መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ብቻ ተረፈ። ጽዋ ሰርቆ ድግሱ ያነሰበት ሰው ተብዬ ወረታ ውስጥ እንዴት እንደምኖር እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ወር ፈርቼ አላውቅም።

በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት፣ መጡ። ቤቱ ጢም አለ። ጠላውም እንጀራውም በቃ። ቄሱ ከባረኩ በኋላ ሙሴው ጽዋውን አንስተው የደገሱበትን ሰዎች ቆጠሩ፤ ሜዳው ውኃ በተኛበት ክረምት ጽዋውን በአናቱ ተሸክሞ የተሻገረውን፣ ባሏን በቀበረች በሳምንቷ ተራዬን አላሳልፍም ያለችውን፣ የራሳቸውን አባት። ከዚያ ቀና ብለው የተሰቀለውን ገበታ አዩ።

«ይኸ የማን ነበር?»

አላውቅም አልኩ። ማሰሮውን አሳዩኝ። እሱንም አላውቅም። ጎራዴውንም አላውቅም። ባለ ዓይኑ እኔ፣ በገዛ ቤቴ ተፈትኜ ወደቅኩ። ሽማግሌው ቆጠራቸውን ቀጠሉ፣ መጨረሻ ላይም እኔን ጨመሩኝ፤ ሳይሰጡት የተቀበለው ብለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

የማስረከቢያው ሰዓት ሲደርስ ተረኛዋ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች። ጽዋውን ዘረጋሁላት፤ ያዘችው። ሳቁ እንደገና ሲነሳ ነው እኔም እንደያዝኩት ያስተዋልኩት።

«ልቀቀው እንጂ ልጄ» አሉ ሙሴው። «ተራህ ሲደርስ ይመጣልህ የለም?»